ተረኛው አባት

አጎቴ ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር የወጡት ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው ነው፤ የወታደር ካፖርታቸውን ግን ጥለውት አያውቁም። ቢቸና ያለው ትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን ሲያከብር ያንኑ ለብሰው በር ላይ ይቆማሉ። «የማን አባት ዘብ ላይ ነው?» ሲሉ፣ አባቶቻችን ኦጋዴን የዘመቱብን ልጆች እጃችንን እናወጣለን። «እንግዲያው ዛሬ ተረኛው እኔ ነኝ» ይሉና፣ የእያንዳንዳችን ስም በተጠራ ቁጥር ብድግ ብለው ያጨበጭባሉ።

አምና አባቴ በፈቃድ መጥቶ አብሮን ሄደ። ስሜ ሲጠራ ሁለቱም ተነሡ። ከሞጣ ተዛውሮ የመጣው አስተማሪያችን ስለ ትምህርቴ እየመጡ ሲጠይቁት የሚያውቀው አጎቴን ብቻ ነውና፣ አባቴን «እርስዎ ይቀመጡ፤ አባቷ ተነሥተዋል» አለው። ግቢው በሳቅ አውካካ። አጎቴ ግን ቀጥ ብለው ለታናሽ ወንድማቸው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡትና «ተረከብ፤ ደህና ናት፣ ሒሳብ ብቻ ያስቸግራታል» አሉት።

በክረምቱ አጎቴ ሞቱ። ዘንድሮ በሩ ላይ የቆመው ጦሩን የለቀቀው አባቴ ነው። የአጎቴን ካፖርት ለብሷል፤ እጅጌው ጣቶቹን ሸፍኗቸዋል። «የማን አባት…» ብሎ ጀመረ። ልጆቹ ግን ሳይጨርስ እጃቸውን አወጡ።