ይድነቃቸው ከሰማይ ያመጣው መርዶ

ይድነቃቸው ቆቦ ውስጥ ዲሽ ይሰቅላል። ጦርነቱ የከተማውን ዲሽ ወንፊት አድርጎት ሲያልፍ ሥራ በዛለት፤ ሰው ቤቱ ሳይጠገን ዲሹን ያስጠግን ነበር። ትርፍ ጊዜውን ግን ለማይረባ ነገር ሰጠው። የአናጢ ሜትር ቆራርጦ ፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ላይ አሰረና አንቴና ነው አለ። ፍላሽ የምታክል መቀበያ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር አገናኘ። ምን ልትቀበልበት ነው ሲሉት፣ ባሕር ማዶ ያሉ ተማሪዎች የላኳት የጫማ ካርቶን የምታክል ሳተላይት በላያችን ስታልፍ የምትለውን ነው አለ።

ስታልፍ አንቴናውን እንደ ጦር ይዞ ይከተላታል። ላፕቶፑ ማሽላ እንደሚቆላ ይንጣጣል፤ ከዚያ ቁጥርና ፊደል ይጽፋል።

“ምን አለች?”

“ባትሪዬ ደህና ነው፣ ብርድ ነው ትላለች።”

“እሱንማ አማቴም ደውላ ትለኛለች” አለው አንዱ።

ጎረቤቱ ኡሙሃኒ ግን አልሳቀችም። ልጇ ሀናን በአፋር በኩል ወጥታ፣ ባሕሩን በጀልባ ልትሻገር ገብታ፣ ድምጿ ጠፍቷል። ጀልባዋ መስጠሟን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ማን ያርዳት? ሬሳ ያየ የለም፣ አብሯት ሆኖ የተረፈ የለም፣ ያላየ ሰው ደግሞ መርዶ አይናገርም። ስለዚህ እናትየው አታለቅስ፣ ሰደቃ አታወጣ፣ በር በሩን እያየች ትከሳለች።

ለቅሶና ቀብር የሚያስተባብረው የቅሬያችን ዳኛ ጋሽ አራጌ ይድነቃቸውን ሻይ ቤት ጠራው።

“ያቺ የምትሰማት ነገር በባሕሩ ላይ ታልፋለች አይደል?”

“ታልፋለች። ግን ዓይን የላትም፣ ጋሼ።”

“አንተ አፍ አለህ። ጀልባዋ ሰጠመች አለች በል። ምስኪኗ አልቅሳ ትረፍ።”

“ስለ ባትሪዋ ብቻ እኮ ነው የምታወራው!”

“ታዲያ አንድ ቀን ስለ ሰው ብታወራ ምን ትሆናለች?”

እምቢ አለ። ኡሙሃኒ በከሳች ቁጥር ግን እምቢታውም ከሳ።

መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ግቢዋን ሞሉት። ይድነቃቸው መሃል ቆሞ፣ ከሰማይ የሰማሁት ነው፣ ጀልባዋ ሰጥማለች፣ ሀናንም አለችበት አለ። ለቅሶው ሊፈነዳ ሲል ኡሙሃኒ እጇን አነሳች።

“ቆይ። ምን ለብሳ ነበር?”

መርዶ ነጋሪ ስለ ሟች መጨረሻ እንደሚጠየቅ ሕፃንም ያውቃል። እኛ ግን ሳተላይትም ትጠየቃለች ብለን አላሰብንም። ይድነቃቸው ጋሽ አራጌን አየ። ጋሽ አራጌ መሬት አየ።

“ጥቁር አባያ” አለ።

“ጥቁር? ሀናን? ለአባቷ ለቅሶ እንኳ ልበሺ ብላት እምቢ ያለችኝ ልጅ!” ፊቷ በራ። “የኔዋ አይደለችማ! አልሃምዱሊላህ!”

ሊያለቅስ የመጣው ሰው ሁሉ አልሃምዱሊላህ አለ። ክርስቲያኑም አለ፤ ምን ይበል?

ከዚያ ኡሙሃኒ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና አለቀሰች። “ያቺ ጥቁር የለበሰችውስ? የማን ልጅ ትሆን? እናቷንስ ማን ያረዳታል?” ሰደቃ አወጣችላት። ተወልዳ ለማታውቅ ልጅ ንፍሮ በላን።

አሁን ሳተላይቷ በምታልፍበት ሰዓት ኡሙሃኒ ትመጣለች። አንቴናውን የምትይዘው ራሷ ናት፤ እጇ ከይድነቃቸው እጅ የረጋ ነው። ከዞብል ተራራ በላይ ወደ ባሕሩ በኩል ታነጣጥራለች።

“ዛሬስ ስለ ሰው ምን አለች?”

“ስለ ሰው አታወራም።”

“ያኔ አውርታ የለም እንዴ!”

ውሸቴን ነው ቢላት፣ ለምን ዋሸህ ትለዋለች። ለምን እንደዋሸ ቢነግራት፣ መርዶው እሱ ነው። ስለዚህ ላፕቶፑን ይዘጋል።

“ነገ መቼ ነው የምታልፈው?”

“ጠዋት” ይላታል።