ደን ጠባቂው ፕሬዚዳንትና የአባቴ ማሳ

እሁድ ረፋድ ላይ ኦስሎ ዳር ካለው ሰፈራችን ከሃውገሩድ የተነሣነው ስለ አንድ የድሮ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ለማየት ነው። ልጄ ሊዲያ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ሰኞ ስለ እሱ ክፍል ውስጥ ታቀርባለች። ጽሑፏን ጨርሳ የቀራት ፎቶ ማንሣት ብቻ ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝ፤ ቢሆንም በዚያ በረዶ ልጄን ብቻዋን አልሰድም። ዳቦ በእንቁላል ቋጥሬ አብሬያት ወጣሁ።

ባቡር ላይ

ትቬይታ ጣቢያ ላይ ባቡሩ ሞላ። ተጠጋግተን ተቀመጥን።

«ልጅ እያለ አስም ነበረበት፣ ማማ።»

«ውይ! እናቱ ምን አደረገች?»

«አባቱ ነው ስፖርት ያሠራው። ሲያድግ ደግሞ ሚስቱና እናቱ በአንድ ቀን ሞቱበት።»

አሳዘነኝ። ከዚያ በኋላ ከብት አረባ፣ ዘመተ፣ አገረ ገዥ ሆነ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ሳለ ፕሬዚዳንቱ ተገደለና እሱ ተተካ አለችኝ። ሥልጣን ሲይዝ ብዙ ደን አስከለለ።

«ጎበዝ ሰው ነው» አልኩ።

አዳራሹ

መንገዱ ግግር በረዶ ስለነበር ከጣቢያው ክንዷን ይዤ ሄድኩ፤ «ልቀቂኝ፣ ሰው ያያል» እያለች። አዳራሹ ትንሽ ነው። አንዲት ወጣት በኖርዌጅኛ ታስጎበኛለች፤ ሊዲያ ትተረጉምልኛለች። ሩሲያንና ጃፓንን አስታርቆ የሰላም ሽልማት እንዳገኘ፣ ከአፍሪካ አደን ሲመለስ እዚሁ ኦስሎ መጥቶ እንደተናገረ ነገረችን። ግድግዳው ላይ ከገደለው ዝሆን አጠገብ ቆሟል። ያንን ዋጥኩት።

«የተከለለው ምድር ማንም ያልኖረበት ባዶ ምድር ነበር» አለች ቀጥላ። ከጀርባዋ ባለው ፎቶ ላይ ድንኳን፣ ጭስ፣ የቆሙ ሴቶች ይታያሉ!

ደሜ ፈላ። አገር ቤት የኛም ቀዬ ፓርክ ሲባል እንዲሁ ነው ያሉት። አባቴ እህሉን ሳያጭድ፣ በሬዎቹን ነድቶ ወጣ።

«ሊዲያ፣ ንገሪያት! ውሸት ነው በያት! አባቴን ያስወጡት ባዶ ነው ብለው ነው!»

ሊዲያ ፊቷ ቀላ። ለስለስ ባለ ኖርዌጅኛ፣ «እናቴ በጣም ደስ ብሏታል፣ ታመሰግናለች» አለቻት።

ያን ያህልማ እሰማለሁ።

በር ላይ

ጎትቼ አወጣኋት። «እንዴት በአያትሽ ትዋሻለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ነግረሽኝ ታውቂያለሽ? ደግሞ አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስተማርሽኝ! ኮሙን፣ ማዘጋጃ ቤቱ ስንሄድ፣ ትምህርት ቤት ስንሄድ፣ ‹ብቆጣም አለስልሺው፣ እንዳይጠሉን› ትያለሽ። ይኸው፣ አለሰለስኩት!»

እውነቷን ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ቁጣዬን እያጠበች ለሰው የምታቀርበው እሷ ናት።

ተመልሼ ገባሁ። በተሰባበረ ኖርዌጅኛዬ፣ «አይ። ባዶ አይደለም። ሰው አለ። አባቴም ነበረ» አልኩ፣ ድንኳኑን በጣቴ እየነካሁ። አስጎብኚዋ ፎቶውን ዞራ አየችና «እኔ የተሰጠኝን ነው የምናገረው» አለች። ይኸው ነው። ይቅርታም የለ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ቤት

አሥር ሰዓት ላይ ገባን። ሊዲያ ጃኬቷን ሳታወልቅ ኮምፒውተሯን ከፈተች። በአባቴ ቀዬ ስንት ቤት እንደነበረ፣ እህሉ ምን እንደሆነ፣ ማን መጥቶ እንዳስወጣቸው ጠየቀችኝ። የማላውቀውን አላውቅም አልኳት። የነገርኳትን ለሰኞው ጽሑፏ ጨመረች።

ልጄን ከብርድና ከሰው ዓይን ስጠብቅ ኖሬ፣ ዝም በማለቴ ያጎደልኩባትን ያየሁት በዚህች አጭር መንገድ ነው። ደን መጠበቅ መልካም ነው። ሰው አልነበረም ብሎ ደን መጠበቅ ግን ሌብነት ነው።

«ማማ፣ ይህን ላለስልሰው ወይስ እንዳለ ልበለው?»

እንደ ልማዴ ፈራሁ። አስተማሪዋን አሰብኩ።

«እንዳለ» አልኳት።