እርድ የመሰለው ሻሽ

በእኛ ቤት ቀለም በሕግ ነበር። እህቴ ቀይ ስለሆነች ደማቁ ልብስ ሁሉ ለእሷ ይገዛል፤ እኔ ጥቁር ስለሆንኩ ግራጫና ቡናማ ይደርሰኛል። ሕጉን ያወጡት ያሳደጉን አክስታችን ናቸው። «ጥቁር ልጅ ደማቅ ለብሳ ሰው ታስቃለች» ይሉ ነበር። እኔም አምኜ ተቀብዬው ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ሐይቅ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። ቀበሌው ለሰልፍ ሻሽ ሲያድል እንደ እርድ ያለ ቢጫ ደረሰኝ። አስሬው ወጣሁ። ሰልፉ ላይ አጠገቤ የቆመች የክፍሌ ልጅ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንቺ፣ ምን በልተሽ ነው ዛሬ ፊትሽ እንዲህ የበራው?»

የምታሾፍብኝ መሰለኝ። ነገሩ ግን ከነከነኝ።

ቅዳሜ ከእህቴ ጋር ልብስ ልናጥብ ወደ ሐይቁ ወረድን። የጎረቤቶቻችን ሻሽና ነጠላ ታጥቦ ሣሩ ላይ ተሰጥቷል። አንድ ግራጫ ሻሽ አነሣሁና አገጬ ሥር ያዝኩት።

«ሻሹን ተዪው፤ ፊቴን ብቻ እዪ» አልኳት።

«ውይ! ወባ የያዘሽ መሰልሽ።»

ቀጥዬ የራሴን ቢጫ ሻሽ ያዝኩት። እህቴ ሳቋን አቆመች።

«ዓይንሽ ሳይቀር ደመቀ፣ ወላሂ።»

ተራው የእሷ ሆነ። ቀዩ ሻሽ ፊቷን ጉንፋን የያዘው አስመሰለው፤ ቅጠልያው ግን አጠራው። ቀይ ለቀይ ይሆናል ብለን ስንት ዘመን ኖርን! አንዷ አጣቢ ከወዲያ ጮኸች።

«እናንተ ልጆች፣ በሻሻችን ልትዳሩ ነው እንዴ?»

እውነትም እህቴ ብዙም ሳትቆይ ለአምባሰል ሰው ታጨች። ሚዜዋ እኔ ነኝ። አክስቴ ለእኔ ቀሚስ የሚሰፋበት ግራጫ ተርጋል ጨርቅ ገዝተው መጡ።

«አክስቴ፣ ይሄን አልለብስም» አልኩ። እንዲህ ብያቸው አላውቅም።

«እንግዲያ ጓዳ ገብተሽ ወጥ ታወጫለሽ። የአምባሰል ሰው ፊት መሣቂያ አልሆንም።»

ከእህቴ ጎን መቆሜ ቀረ ማለት ነው። ብትጣራ ዘመድ ወደማይሰማት ሩቅ አገር የምትሄድ ይመስል፣ እህቴ ከፍቷት ፊቷን አዞረች። ከዚያ ተነሥታ አክስቴን በእጃቸው ይዛ ደጅ፣ ብርሃን ላይ አወጣቻቸው።

«ጨርቁን አይዩ፣ ፊቷን ይዩ» አለቻቸው።

ተርጋሉን አገጬ ሥር ያዘችው፤ ቀጥላ ቢጫውን ሻሽ። አክስቴ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። ሻሹን ነጥቀው ራሳቸው ያዙት፣ አነሡት፣ መልሰው ያዙት።

«ጨርቁ ለስፌት ሳይቀደድ ሂጂና ባለሱቁ በቢጫ ይቀይርልሽ» አሉኝ በመጨረሻ።

የሰርጉ ቀን በቢጫ ቀሚስ ከእህቴ ጎን ቆምኩ። ከአምባሰል የመጡት የሙሽራው እናት አተኩረው አዩኝና ወደ አክስቴ ጠጋ አሉ።

«ማሻአላህ! ይቺ ጠይም ልጅ የማን ናት?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ጠይም ያለኝ ሰው አልነበረም።

«የኔ ናት» አሉ አክስቴ፣ ቀና ብለው። «ቀለሙንም የመረጥኩላት እኔ ነኝ።»

እህቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። እኔም መልሼ ጎሸም አደረግኳት።