ሞጣ በእግር

በዚህ ሴሚስተር የሥነ ጽሑፍ መምህራችን ከልጅነታችን ስለማንረሳው መጽሐፍ እንድንጽፍ አዘዙን። የእኔው ሽፋኑ የወለቀ ልብ ወለድ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለን ቢቸና ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር እየተቀባበልን አነበብነው። ሁለት ልጆች በትንሽ ጀልባ ደሴት ፍለጋ ይወጣሉ። አንደኛው በኮከብ እንመራ ይላል፤ ሌላኛው የያዝነው ውኃ ስንት ቀን ያቆየናል ብሎ ይጠይቃል። ጓደኛዬ የኮከቡን ልጅ ወደደ። እኔ የውኃውን ወደድሁ፤ ግን አፍሬ አልተናገርሁም።

ያን ጊዜ ታላቅ ወንድሜን ካየሁት ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ሞጣ አጠገብ ቅኔ ይማር ነበር። ስልክ ስለሌለው መልእክት የሚልከው ገበያ በሚመላለስ ሰው አፍ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያደርሱልን የጓደኛዬ አባት ነበሩ፤ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። እኔ አባቴን አላውቀውም። ፊደል ያስቆጠረኝ ወንድሜ ነው። ሄጄ ላየው ቆረጥሁ።

“ጠዋት ሚኒባስ ብንሳፈር ለምሳ ሞጣ ነን” አልሁት ጓደኛዬን።

“በሚኒባስ! ዶሮ ታቅፈህ?” ሳቀብኝ። “ወንድምህ ሲሄድ በምን ሄደ?”

“በእግሩ።”

“ለእናትህስ ነግሯት ነበር?”

አልነገራትም። የቅኔ ተማሪ ቤተሰብ እንዳያስቀረው ተደብቆ ነው የሚጠፋው። እኛም እንደዚያው እንሁን አለ። ከጎረቤት ደበሎ እንኳ ተውሶ መጣ። ለእናቴ ገጠር አክስቱ ዘንድ እንደምንሄድ ነገርኋት። አመነችኝ።

ዐርብ ማለዳ ወጣን። እሱ በዚያ ፀሐይ የበግ ለምዱን ደርቦ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ የተሻገርነውን ወንዝ ሁሉ ባሕር እያለ ስም ያወጣለታል። ውኃውንና ዳቦ ቆሎውን የተሸከምሁት እኔ ነበርሁ። እግሬ ውኃ ቋጠረ። “ቁስል የሌለበት ጉዞ ምኑ ይወራል?” አለኝ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አድረን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሞጣ ደረስን።

ከተማሪዎቹ ጎጆ ደጃፍ አንድ ተማሪ ልብሱን ይጥፋል። የወንድሜን ስም ነገርሁት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ጓደኛዬን ከእነ ደበሎው አይቶ ሳቁን ዋጠ።

“እሱማ ቢቸና ነው። ትናንት በመኪና ሄደ። ነገ ጠዋት ከዚያው ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ሌላ መምህር ይሻገራል። እናንተን ሊሰናበት እኮ ነው የሄደ! ዐርብ እመጣለሁ፣ ወንድሜ ከቤት እንዳይወጣ ብሎ በበርበሬ ነጋዴው ልኮላችሁ የለም?”

ወደ ጓደኛዬ ዞርሁ። የደበሎውን ጠጉር ይነጫል።

“አባትህ ነግረውህ ነበር?”

“ሐሙስ ነገረኝ። አድርስ ብሎኝ ነበር።”

“ታዲያ?”

“ብነግርህ ጉዞው ይቀር ነበራ! ደግሞ ሳምንት ይቆያል መስሎኝ . . . ተመልሰን የምንደርስ መስሎኝ።”

አልመታሁትም። ደጋግሜ የማስበው ይህን ነው። ያን ሁሉ መንገድ እያንዳንዱን እርምጃ እያወቀ አብሮኝ ሄደ፤ ስለ ወንድሜ ሳወራለትም እያወቀ ሰማኝ። ማታ ወደ ቢቸና የሚወጣ መኪና አልነበረም። እሑድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለስሁ።

እናቴ ደጅ ተቀምጣለች። አልጮኸችብኝም።

“አክስቱ ዘንድ ሰው ላክሁ፤ አልመጡም አሉኝ” አለች። “ወንድምህ ሁለት ቀን ሙሉ በር በሩን ሲያይ ዋለ። ቁመቱ እኔ ጋ ደርሷል? ብሎ ጠየቀኝ። ሲነጋ ወጣ።”

ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። መልእክት የሚያመጣ ነጋዴም የሄደበት አገር ድረስ አይደርስም።

ጓደኛዬ ዛሬም ይደውልልኛል። ባለፈው ወር መኝታ ክፍሉ ካሉ ልጆች ጋር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ፣ “ያን የሞጣ ጉዞ ንገራቸው እስቲ! ስለ ደበሎው፣ ስለ ባሕሮቹ!” አለኝ። ልጆቹ ከወዲሁ ይሥቃሉ።

“ወንድሜንም ነግረሃቸዋል?” አልሁት።

“እሱን ተወው፤ ታሪኩን ያበላሸዋል” አለ።

ስልኩን ዘጋሁት።