ሰለሞን የሌለበት ካሴት

ጋሽ ተሰማ ሱቅ ሥራ በጀመርኩበት ቀን መጀመሪያ የተሰጠኝ ዕቃ የተቀደደ ስፒከር ነበር። ሱቁ ናዝሬት፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነው። ጋሽ ተሰማ ከፊት ለፊት ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናሉ፤ ከጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ድምፅ ይቀርጻሉ። እኔ ከመልካሳ ነው የመጣሁት። እዚያ የውኃ ፓምፕ ሞተር እጠግን ስለነበር ሽቦ አልፈራም። ካቻቢቴና ፒንሳ ሰጡኝና «ፍታው፤ ምን እንዳገኘው ንገረኝ» አሉኝ።

ፈታሁት። ወረቀቱ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ ተሰንጥቋል።

«ጋሼ፣ ወድቆ ነው?» አልኳቸው።

«አልወደቀም፤ ለሚ ዘፍኖበት ነው» አሉ።

ለሚ የባልጩት ባንድ ዘፋኝ ነበር። ባንዱ ሦስት ሰው ነው፤ ለሚ ቤዝ እየመታ ይዘፍናል፣ ከድር ድራም ይመታል፣ ሰለሞን ጊታር ይጫወታል። የዚያን ጊዜ የሆቴል ዘፋኝ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠግቶ ያባብላል። ለሚ አያባብልም። ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ አንገቱን አስግጎ ይጮኻል። የአንገቱ ሥር ይገታተራል። ከአዳራሹ ግማሹ ሰው ጆሮውን ይዞ ይወጣል፤ የቀረው ግማሽ በሳምንቱ እሑድ ተመልሶ ይመጣል። ጋሽ ተሰማ ሙዚቃቸውን አልወደዱትም፤ ስፒከራቸውን ግን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም ነበር።

በስድስት ወሬ የባንዱ ድምፅ ተቆጣጣሪ ሆንኩ። ሶደሬ፣ ዝዋይ፣ ቡልቡላ፣ ሻሸመኔ አብሬያቸው ዞርኩ። ሥራዬ አምፕሊፋየር መሸከም፣ ማይክሮፎን መትከል፣ በለሚ ድምፅ የመለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር እንዳያልፍ መጠበቅ ነበር። ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ሙያውን ያስተማረኝ ግን ሰለሞን ነው። ሰለሞን በሳምንቱ ቀናት የሒሳብ አስተማሪ ነበር፤ ከእናቱ ከእማማ የሺ ጋር ነው የሚኖረው። ዝምተኛ ነው። ከዝግጅት በኋላ ሌሎቹ ሕዝቡ ምን እንዳለ ሲጠያየቁ እሱ እኔን «በቀለ፣ ከኋላ ሆነህ ምን ሰማህ?» ይለኛል። በየዘፈኑ መሐል ለሚ ዝም የሚልባት ቦታ ነበረች። ያቺ የሰለሞን ናት። ጥቂት ኖታዎችን ብቻ ይመታል፤ በመካከላቸው ረጅም ጊዜ ይተዋል። ከዚያ ለሚ ይገባል። ጋሽ ተሰማ አንድ ካሴት ቀረጹላቸው። እኔ ማይክሮፎን ያዥ ነበርኩ።

አብዮቱ ሲመጣ መጀመሪያ የነካን ሰዓት እላፊው ነው። የማታው ዝግጅት ቀረ። ቀጥሎ ቀበሌው ለኪነት ቡድን ብሎ የከድርን ድራም ወሰደ። ከድር ደረሰኝ ጠየቀ፤ «ሰፊውን ሕዝብ ደረሰኝ ትጠይቃለህ?» አሉት፤ ትቶላቸው ሄደ።

ከዚያ ሰለሞንን ከክፍል ወሰዱት። ረፋድ ላይ ነው፤ ትምህርት እያስተማረ ነበር። ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው በስሙ ጠሩት። እጁ ላይ ጠመኔ እንዳለ ወጣ። ለርዕሰ መምህሩ «ለጥያቄ ነው፤ ይመለሳል» አሏቸው። እማማ የሺ በየቀኑ ምግብ በሰሃን ይዘው ወደ ታሰረበት ይሄዱ ነበር። ሰሃኑ ባዶውን ይመለስ ነበር፤ ስለዚህ ይበላል ብለው ተጽናኑ። በሦስተኛው ሳምንት በሩ ላይ ያለው ጠባቂ «እናቴ፣ ከእንግዲህ አያምጡ» አላቸው። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለቅሶ መቀመጥ አልተፈቀደላቸውም። ጎረቤት ተራ በተራ፣ ጨው የሚበደር መስሎ እየገባ አጽናናቸው።

ስለ ባልጩት ባንድ የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ለሚ ሞጆ አንድ የቆዳ ፋብሪካ ገባ። ከድር ወደ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ሆነ። ጋሽ ተሰማ ታመው ሞቱ፤ የሱቁ ፈቃድ ወደ እኔ ስም ዞረ። የምቀርጸው ሠርግ ነበር፤ ከሠርግ የሚበልጠው ደግሞ የስብሰባ ንግግር።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ለሚ ወደ ሱቁ ገባ። ከስቷል፤ ጣቶቹ ከቆዳው ማቅለሚያ ቡናማ ሆነዋል።

«አካም ጅርታ፣ በቀለ?»

«ፈያ። ግባ፣ ተቀመጥ።»

ድምፁን ስሰማ ደነገጥኩ። በአሸዋ ላይ የሚጎተት ቆርቆሮ ይመስላል።

«ካሴት ልንሠራ ነው» አለኝ። «እኔና ከድር። ስድስት ዘፈን አለኝ።»

«በዚህ ድምፅ?»

«እያለቀ ነው። ሐኪሙ ከፋብሪካው ካልወጣህ ጨርሶ ይጠፋል ብሎኛል። ልጆች አሉኝ፣ አልወጣም። ሳይጠፋ ይቀረጽ።»

«ጊታሩን ማን ይጫወታል?»

«ጊታር የለም።»

«ሻሸመኔ አንድ ጎበዝ ልጅ አውቃለሁ፤ ላስጠራልህ...»

«የለም አልኩህ፣ በቀለ።»

እሑድ እሑድ ጠዋት ቀረጽን። በሌላ ቀን ወፍጮው ሲነሣ መብራቱ ይወርዳል፤ መብራቱ ሲወርድ ቴፑ ይዘገያል፤ ቴፑ ሲዘገይ ኋላ ሲከፈት የዘፋኙ ድምፅ ይቀጥናል። በመንገዱ ከባድ መኪና ሲያልፍ ቆመን እንጠብቃለን። ግድግዳውን በጆንያና በጥጥ ፍራሽ ሸፈንኩት። ድራሙን ከኪነት ቡድኑ ተዋስን። የራሱ የከድር ድራም ነው፤ ፊቱ ላይ የቀበሌው ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፎበታል። ከድር አየውና ጨርቅ አልብሶት ተቀመጠ።

የመጀመሪያው እሑድ ከንቱ ሆነ። የከድር ክንድ መሪ ለምዷል፤ ቶሎ ይደክማል። ለሚ ሁለት ስንኝ ጮኾ ያስላል። ሁለተኛው እሑድ ሁለት ዘፈን ወጣ። በድሮው ካሴት የለሚ ጩኸት የወጣትነት ጉልበት ነበር። አሁን ቃሉን ከጉሮሮው እየቧጠጠ ነው የሚያወጣው። ማስተካከል ጀመርኩ፤ ሻካራውን ላለሰልስ ሞከርኩ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው መስኮት አየኝና «ተወው፤ እንዳለ ይሁን» አለ። ተውኩት።

በሦስተኛው እሑድ እማማ የሺ መጡ። ለሚ ነው የጠራቸው። ከእኔ አጠገብ ወንበር አኖርኩላቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። የዚያን ቀን ዘፈን ስለ አንድ አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹ ክፍል ገብተው ይጠብቁታል። ግጥሙ ከዚህ ሌላ የሚለው ነገር የለም። መሐሉ ላይ ሲደርስ ለሚ ዝም አለ። ቤዙንም አቆመ። ከድር ብቻ ሲምባሉን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ እየነካ ቀጠለ። መርፌው ወደ ታች ወርዶ ሊተኛ ጥቂት ቀረው። ረስተውት መሰለኝና እጄን አነሣሁ። ለሚ በዓይኑ ከለከለኝ። ሰለሞን ይጫወት የነበረውን ያህል ጊዜ ቆጥሮ ጠበቀ፤ ከዚያ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልቀረጽኩም።

እማማ የሺ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ። «እዚህ ጋ ነበር እሱ» አሉኝ።

ግጥሙን በታይፕ አስጽፌ፣ ቴፑን ይዤ ለፈቃድ ወደ ሳንሱር ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ሸምገል ያለ፣ ትሑት ሰው ነው። ተነሥቶ ጨበጠኝ። ግጥሞቹን አንብቦ አንድም ቃል ይውጣ አላለም። ከዚያ ቴፑን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። የአስተማሪው ዘፈን ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ መለሰው፤ እንደገና ሰማው።

«ጓድ በቀለ፣ እዚህ ጋ ምን ሆነ?»

«ጊታር የሚጫወት ሰው የለንም፣ ጓድ።»

«ድሮ ነበራችሁ?»

ዓይኔን ወደ ቴፑ መለስኩ።

«ባዶ ቦታ ሰው ያስጠይቃል» አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ጠያቂው መልስ ይፈልጋል። ለእርስዎም ለእኔም አይበጅም። የሆነ ነገር ይሙሉበትና ያምጡት፤ ዛሬ ነገ ሳልል እፈርምልዎታለሁ።»

«ባለቤቱን ላማክር።»

«ማመልከቻው ላይ ያለው የእርስዎ ስም ነው። የሱቁ ፈቃድም እንዲሁ።»

በማግስቱ ለለሚ ልነግረው ሞጆ ወረድኩ። ፋብሪካው በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ፈረቃው አልቆ ከሌሎቹ ጋር ወጣ፤ መሐረብ አፉ ላይ ይዞ እያሳለ ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«አለፈ?» አለኝ።

አፌን ስከፍት የመጣልኝ ሌላ ነው። «አለፈ» አልኩት።

ትከሻዬን ይዞ ሻይ ቤት አስገባኝ። ለከድር መልእክት ልኮ እንደነበር፣ ሚስቱ ዘፈኖቹን በቃሏ እንደያዘቻቸው ነገረኝ። ሻዩን ጠጥቼ ተመለስኩ።

አንድ የሆቴል ኦርጋን ተጫዋች ጠራሁ። የምን ዘፈን እንደሆነ አልነገርኩትም። በአንድ ጊዜ ጨረሰው። ቆንጆ ነበር፤ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እመለስ ነበር። የፊተኛውን ቴፕ በአንዱ ማጫወቻ እያጫወትኩ፣ ኦርጋኑን ጨምሬ፣ በሁለተኛው መቅረጫ አዲስ ቴፕ ላይ ቀዳሁት። ፈቃዱ ተፈረመ። ያን ጊዜ ባዶ ቴፕ እንደ መድኃኒት ነው የሚፈለገው። በሳምንቱ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ንግግር ቀርጸህ አምጣ ተባልኩ። ሌላ ቴፕ አልነበረኝም። የፊተኛው ላይ ቀረጽኩበት።

ካሴቱ ወጣ። ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ ሻይ ቤቶች ከፈቱት። ሰው የለሚን ጩኸት አሁንም አልለመደውም። የአስተማሪውን ዘፈን ግን ወደደው፤ የወደደውም ለኦርጋኑ ነው። ሱቄ በር ላይ ሴቶች ያቺን ዜማ እያንጎራጎሩ ሲያልፉ እሰማ ነበር።

ከባንዱ መጀመሪያ የሰማው ከድር ነው። አዋሽ ላይ መኪና አቁሞ ምሳ ሲበላ ተከፍቶ ሰማው። ለለሚ የነገረው እሱ ነው። ለሚ እሑድ ጠዋት መጣ። ሰላም አላለኝም፤ አልተቆጣም።

«ማነው የሞላው?»

«እኔ ነኝ ያስሞላሁት። አስገድደውኝ ነው።»

«መቼ?»

«ሞጆ ከመምጣቴ በፊት ነው ያዘዙኝ።»

ይህን ሲሰማ ወንበር ሳበና ተቀመጠ። ወፍጮው ዝግ ነው፤ መንገዱም ጭር ብሏል።

«ብትነግረኝ እኮ እተወው ነበር» አለ። «ካሴቱን በሙሉ እተወው ነበር። የፊተኛው ቴፕ የት አለ?»

«ሌላ ነገር ተቀርጾበታል።»

«ምን?»

ነገርኩት። ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነና እስኪያልፍለት ጠበቅኩ። ውኃ ሰጠሁት፤ አልጠጣም። ሲወጣ «እማማ የሺ ጋ አንተው ሂድ» አለኝ።

ሄድኩ። ካሴቱን ጎረቤት አስከፍተው ሰምተውታል። ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። አልረገሙኝም። «ያን ቀን የሰማሁት እሱን ነበር» አሉ። «ይሄኛው ሌላ ሰው ነው። ልጄ፣ ሰው ቤት ሌላ ሰው አስገባህ።» ከዚያ ወዲያ በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላምታዬን ይመልሱ ነበር፤ ቆመው ግን አላነጋገሩኝም።

ባልጩት ባንድ ዳግመኛ አልተጫወተም። ከድር ወደ መኪናው፣ ለሚ ወደ ቆዳው ተመለሱ። የለሚ ድምፅ ሐኪሙ እንዳለው ጠፋ፤ በሹክሹክታ ብቻ የሚናገር ሰው ሆነ። እማማ የሺ ደርግ ሳይወድቅ ሞቱ።

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ለሚ አንድ ጊዜ መጣ። አዲስ ማሽን ማስገባቴን ሰምቷል። ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጆሮዬን አስጠግቼ እንድሰማው በእጁ ጠራኝ። «ኦርጋኑን ብቻ ማውጣት ይቻላል?» አለኝ። በአንድ ላይ ከተቀዳ በኋላ እንደማይለይ ነገርኩት። ሦስት ቀን ሞክሬ እንደነበር አልነገርኩትም። ካሴቱን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ። በዚህ ሙያ ለምትሠሩ የምለው ይህ ነው። የፊተኛውን ቅጂ አታጥፉ። ባለቤቱ ሳያውቅ ሥራው ላይ ምንም አትጨምሩ። ከፈራችሁ ደግሞ እንደፈራችሁ ንገሩት፤ ካሴቱን መተው ወይም አለመተው የእሱ ምርጫ ነው።