የአክስቴ የቤት ሥራ

ነገ በአክስቴ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪኳን በእርሳስ ስጽፍ፣ የላጲሱ ሽታ በዘጠናዎቹ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደነበረው አፓርትመንቷ መለሰኝ።

አክስቴ ሮም ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ስለመጣች ጣልያንኛውን ታንበለብለው ነበር። እንግሊዝኛው ግን ከበዳት፤ ከእንግሊዝኛ ትምህርቷ የሚሰጣትን የነጠላና የብዙ ቁጥር የቤት ሥራ የማርምላት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን "አይ ሃቭ ቱ ችልድረን"፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ብላ ጻፈች።

ትልቁን ልጇን ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ወታደሮች ከቤት ወስደው አልመለሱትም። "ያለሽ እኮ ብሩክ ብቻ ነው" ብዬ በላጲስ አጠፋሁት።

ደብተሩን ቀማችኝ። "ለቅሶ ያልተቀመጥኩለትን ልጅ አንቺ ነሽ የምትቀንሺብኝ?" አለች። ላጲሱ ባሳሳው ወረቀት ላይ መልሳ ስትጽፍ እርሳሷ በሳው።

አሁን ብሩክ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ከማትርቀው አሌክሳንድሪያ ደወለልኝ። "የአንድ ልጅ እናት ብለሽ ጻፊ" አለኝ።

እንዳለኝ ጻፍኩ። ላጲሱ ግን እስካሁን እጄ ላይ ነው።