ስታመን በሴቶቹ ወረፋ

ጎረቤቴ ስታመን ከመንደራችን ወደ ትሮያን ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ሲስቅም ሲቆጣም ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ስድሳ ሦስት ዓመት በሞላው በጋ፣ ላቡን በፎጣ ሲጠርግ ከግራ ጡቱ ጫፍ ሥር ሽንብራ የምታክል ጠጣር ነገር እጁን ነካችው። ስለማታመው ተዋት። መኸር ላይ ግን የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ሰርጎድ አለ። ሸሚዝ ሲቀይር ባለቤቱ ኔዴልቻ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም። የመኪናው ቀበቶ ፈግፍጎኝ ነው።»

«ቀበቶ ወደ ውስጥ ይስባል እንዴ? ነገ ሐኪም ጋ ትሄዳለህ።»

«ጡቴን አመመኝ ብዬ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እና የሚሉህን ቀብርህ ላይ ቆሜ ልስማልህ?»

ሄደ። ሐኪሟ ቦግዳና ተማሪ ሳለች በእሱ አውቶቡስ ትመላለስ ነበር። ገና ሳይቀመጥ፣ «ልጄ፣ አልትራሳውንድ ይበቃኛል። መጋረጃውን ዘግተሽ፣ ቅባቷን ቀብተሽ ገላግይኝ» አላት።

«ጋሼ ስታመን፣ በእርስዎ ዕድሜ ላለ ሰው እንዲህ ያለ እብጠት ሲገኝ የሚቀድመው የጡት ራጅ ነው። የእብጠቱን ጠርዝ ያሳየናል፤ ሌላኛውንም ጡት አብረን እናያለን። አልትራሳውንዱ ቀጥሎ ይመጣል፤ ብብትዎንም ያይልናል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።»

«ማሽኑ ምኔን ይዞ ነው የሚጫነኝ? የሚያዝ ነገር የለኝም እኮ!»

«አይጨነቁ፣ ያገኛል።»

ራጅ ክፍሉ ደጃፍ አምስት ሴቶች ተቀምጠዋል። ስታመን ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ በሩ ላይ ቆመ። የንብ አርቢው ሚስት ፔና አየችው።

«ስታመን! ኔዴልቻን አምጥተህ ነው?»

አዎ ቢል ማንም አይጠረጥረውም ነበር። «አይ፣ ራሴን ነው ያመጣሁት» አለ።

ፔና ቦርሳዋን ከጎኗ ወንበር ላይ አነሳች። «ና ተቀመጥ። ሲጫንህ ትንፋሽህን ያዝ፣ እንደ እኔ እንዳትሳደብ። ምስኪን! እኛስ የሚጨመቅ አለን!»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱም ሳቀ፤ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ራጁ ላይ ጠርዟ እንደ እሾህ የሾለ ትንሽ ነጭ ነጥብ ታየች። በአልትራሳውንድ እየተመሩ በመርፌ ናሙና ወሰዱ። ከዐሥር ቀን በኋላ ካንሰር መሆኑ ተነገረው፤ ብብቱ ግን ደህና ነበር። ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ለዓመታት የሚውጠው ኪኒን ታዘዘለት። ይህን ሁሉ በደህና ተሸከመው።

የሰበረው የደም ምርመራው ነው። ይህ በሽታ የያዘው ወንድ በዘር የሚተላለፍ የካንሰር ምክንያት በደሙ እንዳለ ይመረመራልና ተመረመረ፤ ተገኘበት። ፕሎቭዲቭ ከተማ ኬሚስትሪ የምታስተምረው የሠላሳ አራት ዓመት ልጁ ዝላቲናም ስትመረመር ተገኘባት። የዚያን ቀን ግቢዬ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ቤት አልሰጠኋት፣ መሬት አልሰጠኋት። የሰጠኋት ይሄንን ነው» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ዝላቲና ቅዳሜ መጥታ አባቷን ይዛ ቦግዳና ጋ ሄደች። በእጇ ምንም ያላሳየ የጡት ራጅ ነበራት።

«ይሄ ንጹሕ ነው አላሉኝም እንዴ?» አለች።

«ነው፣ ግን አልተማመንበትም» አለች ቦግዳና። «ጡትሽ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሥጋውም ነጭ፣ ዕጢ ቢኖርም ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። በዘር ያለብሽ ስለሆነ ዕጢን አጉልቶ የሚያሳይ መድኃኒት በደም ሥርሽ ተሰጥቶሽ በየዓመቱ ኤምአርአይ ትነሻለሽ።»

«እማዬስ?»

«እሳቸው በዘራቸው የለባቸውም፤ በየሁለት ዓመቱ ራጁ ይበቃቸዋል።»

በቀጠሮው ቀን ስታመን ፕሎቭዲቭ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ማሽኑ ከግድግዳው ወዲያ ሲደበድብ አዳመጠ። ልጁ የትራሱ መስመር ጉንጯ ላይ ታትሞ ወጣች።

«በደረቴ ተደፍቼ ጎረቤት ሚስማር ሲመታ ስሰማ ዋልኩ!» አለች።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ምን አድርገህ?»

«ስለ ደሙ።»

«አባዬ፣ አንተ እዚያ ሴቶቹ መሃል ባትቀመጥ ኖሮ እኔ ምን እንዳለብኝ በምን አውቅ ነበር? ይልቅ ርቦኛል፤ የጨጓራ ሾርባ ጋብዘኝ።»

ጋበዛት። ራሱ ግን ማንኪያውን ይዞ ስትበላ ሲያያት ሾርባው ቀዘቀዘበት።

ውጤቷ ከስምንት ቀን በኋላ መጣ፤ ምንም አልተገኘባትም። ስታመን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ለኔዴልቻ ሰጣትና ወደ ጓሮ ወጣ። ፕሪም ዛፉ ሥር ቆሞ ፊቱን በእጅጌው ሲጠርግ በመስኮት አየችው። ምሳ ቀርቦ ነበር፤ ቶሎ አልጠራችውም።